ዝናብ ሳይታይ የሞላው ሸለቆ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በ2016 ዓ.ም. ከትንሣኤ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ መካከል፣ አራት ሆነን ወደ ዩታ ክፍለ ግዛት በረሃ ሄደን ነበር። ሦስታችን ስልሳን የተሻገርን ሽማግሌዎች ነን። አራተኛው የአንደኛው ጓደኛችን ልጅ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ፊደል ያስቈጠርሁት፣ ዛሬ በሙያው መሐንዲስ የሆነ ወጣት ነው። የጉዞው አሳብም የእርሱ ነበር። «የኔታ፣ እናንተ የአገራችሁን ገደል ስታወሩ ሰምቼ አደግሁ፤ እስቲ አንድ ጊዜ እኔ ደግሞ የአገሬን ገደል ላሳያችሁ» ብሎ ለመነን። «የአገሬን» ያላት ቃል ጥቂት ከበደችኝ። ነገር ግን እውነቱን ነውና ዝም አልሁ።

ከሦስታችን አንደኛው ከእኔ ጋር ለሃያ ሰባት ዓመታት ሳይነጋገር የኖረ ሰው መሆኑን ከመነሻው መናገር ይገባኛል። እርሱ የሚኖረው ፖቶማክን ተሻግሮ በአሌክሳንድርያ ነው። የወጣቱ አባት ለሁለታችንም ለየብቻ ነግሮ፣ ማን ማን እንደሚሄድ ሳይገልጥ አስማማን። በገመድ መውረድን መለማመድ ነበረብንና፣ እኔ በሜሪላንድ በኩል ካርዴሮክ ከሚባለው ዐለት ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ስወርድ፣ እርሱ በቨርጂኒያ በኩል ከግሬት ፎልስ ገደሎች ላይ ይለማመድ ኖሯል። ሁለታችን በአንድ ወንዝ በሁለቱ ዳር፣ ለአንድ ጉዞ፣ አንዳችን የሌላውን ሳናውቅ ስንዘጋጅ ከረምን። የተገናኘነው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እርሱም እጁን ዘርግቶ «እንዴት ሰነበቱ» አለኝ። አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ያደርን፣ አንድ ቁራሽ ለሁለት የተካፈልን ሰዎች፣ «እርስዎ» ተባባልን! ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለማታውቁት ስለ ሥፍራው ጥቂት ልናገር። የዚያ አገር ጠባብ ሸለቆዎች እንደ ዓባይ በረሃ አይምሰሏችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዓባይ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቢጠልቅም ሰማዩ አብሮ ይወርዳል፤ ዐይን ወዲያና ወዲህ ያያል። ይህኛው ግን በሜዳ ላይ ያለ የዐለት ስንጥቅ ነው። ከላይ የሚሄድ ሰው ዳር እስኪደርስ ድረስ አያየውም፤ አንዳንዱንም በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ውስጡ ከገቡ በኋላ ግን አንዱ ትከሻ አንዱን ግድግዳ፣ ሌላው ትከሻ ሌላውን ይታከካል። ሰማዩ ከላይ እንደ ሰማያዊ ጥለት ቀጥኖ ይታያል። ላሊበላን የተሳለማችሁ፣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚያደርሰውን የዐለት ቦይ አስቡ፤ እርሱን አጥብባችሁ፣ አጠማዝዛችሁ፣ በኪሎ ሜትር አስረዝሙት። ልዩነቱ የላሊበላው በሰው እጅ በመሮ የተፈለፈለ መሆኑ ነው። ይህን የፈለፈለው ጎርፍ ነው። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡን የሚመጥጥ አፈርም፣ የሚያዘገይ ሥርም የለም። የወረደው ሁሉ ወደ ስንጥቁ ይሰበሰብና አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ እንደ ሞረድ ግድግዳውን ይሞርደዋል። ስለዚህ ግድግዳው ለዳበሳ እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። ያን ልስላሴ ሳደንቅ ቆይቼ ምን እንዳለሰለሰው በተረዳሁ ጊዜ እጄን ሰበሰብሁ።

የሰንበት ሰባኪ ሁሉ ይህን ሲሰማ ስለ ጠባቡ በርና ስለ ቀጭኑ መንገድ እንደምጽፍ ይጠብቃል። እኔም ስነሣ ያን አስቤ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አርእስቱን ሳይቀር ጽፌ ነበር። ሸለቆው ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ።

ከመግባታችን በፊት ወጣቱ ወደ ጠባቂዎቹ ጽሕፈት ቤት ወሰደን። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው፤ እንሂድ አልሁ። እርሱ ግን ካርታውን ዘርግቶ የምንገባበትን ሸለቆ ትቶ ከላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ደጋ ሁሉ ሰማይ ይጠይቅ ጀመር። «የኔታ፣ ሰው የሚሞተው በራሱ ላይ በዘነበው ዝናብ አይደለም» አለኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

በሸለቆው ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ፣ የረጋ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ደረታችን እያለፍን ሳለ፣ ቀና ብል ከራሴ በላይ ሦስት ቁመት በሚሆን ከፍታ ላይ አንድ ትልቅ የዛፍ ግንድ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ተወትፎ አየሁ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ አይበቅልም። ማን ተሸክሞ አመጣው? ማንስ ከዚያ ሰቀለው? ጥያቄውን ጨርሼ ሳልጠይቅ ጕልበቴ መለሰልኝ። ግንዱ ያለበት የውሃው ልክ ነበረ፤ እኛ በጎርፉ ወለል ላይ እንሄድ ነበር።

ከደረቁ ላይ ወጥተን በሶ በጥብጠን ስንጠጣ፣ ወጣቱ በነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. የሆነውን ነገረን። በአሪዞና፣ ፔጅ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በናቫሆ ሕዝብ ምድር፣ አንቴሎፕ የሚባል ሸለቆ አለ። በታችኛው ክፍሉ አገር ጎብኚዎች ገብተው ሳለ፣ ከእነርሱ ብዙ ርቀት ላይ በደጋው ከባድ ዝናብ ወረደ። እነርሱ ባሉበት ግን የዝናብ ነገር እምብዛም አልነበረም። ደራሹ ጎርፍ መጣና አሥራ አንድ ሰዎችን ወሰደ። ከቡድኑ የተረፈው አስጎብኚው ነው። በዚያን ጊዜ መውጫው የእንጨት መሰላል ነበር፤ ዛሬ በዐለቱ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ደረጃ ነው። በመስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በዩታ፣ በጽዮን ብሔራዊ ፓርክ፣ ኪሆል በሚባል አጭር ስንጥቅ ውስጥ ሰባት ሰዎች በአንድ ከሰዓት አለቁ። የጎርፍ ሥጋት መኖሩ በጠዋት ተነግሯቸው ነበር። ሥፍራው ጽዮን መባሉን ስሰማ ማማተቤን አልደብቃችሁም።

እኛም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለንም። የድሬዳዋው ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ደርሶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ጌታችን በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት ባስተማረው ምሳሌ ጎርፍ መጣ ይላል። ቤቱን የሠራው ሰው ክፉ ነበረ አይልም፤ ሰነፍ ነበረ ነው የሚለው። ስንፍናውም የደረቀ አሸዋ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ይኖራል ብሎ ማመኑ ነው።

ወጣቱ ይህን ሲናገር ከአሌክሳንድርያ የመጣው ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ዐይኔን ሰበርሁ። ያሰብነው አንድ ነገር ነበርና።

በ1970 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ፣ ሁለታችንም ገና ሃያ ሳይሞላን፣ ከጎንደር ወጥተን በአርማጭሆ ቆላ ወደ ሱዳን እንሸሽ ነበር። ከጓንግ ወዲህ በአንድ ማታ ደክመን ከአንድ ደረቅ ወንዝ ደረስን። አሸዋው እንደ ፍራሽ የለሰለሰ ነው፤ ቀን ሙሉ በእሾህና በጠጠር የተወጋ እግር ሌላ ምን ይፈልጋል? ሁላችንም ተጋደምን። እርሱ ግን የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነበርና አልተኛም። «ተነሡ፤ ይህ የውሃ መኝታ ነው። ባለቤቱ ሲመጣ አይቀሰቅስም፤ ይዞ ነው የሚሄደው» አለን። እያጕረመረምን፣ እኔማ እየተሳደብሁ፣ ድንጋያማው ዳገት ላይ ወጥተን ተኛን። አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደችም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ምድር ሲያጕራ ሰምተን ስንነሣ፣ ተኝተንበት የነበረው አሸዋ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ውሃ ነው፤ ዛፍ ከነሥሩ ይጋልባል። ከዚያ በኋላ የኖርሁት ዕድሜ፣ የተማርሁት ትምህርት፣ የወለድኋቸው ልጆች ሁሉ የዚያች ሌሊት ትርፍ ናቸው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። በ1989 ዓ.ም. (የአንቴሎፑ ጎርፍ በሆነበት በዚያው ዓመት) በቅዳሴ የማን አባት ስም ይጠራ በሚል ክርክር ጉባኤያችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የዕድሜ ባለጸጎች ታስታውሱታላችሁ። እርሱ አንዱን አለ፤ እኔ ሌላውን አልሁ። እስከዚያ ድረስ የአሳብ ልዩነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሲጠናብኝ ተነሥቼ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ «ይህ ሰው ማን ከፍሎ እንደ ላከው እናውቃለን» ብዬ ተናገርሁ። ጉባኤው አጨበጨበ። እርሱ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ፤ ጥቂት ቤተሰቦችም ተከትለውት ወንዙን ተሻገሩ። ያን ቃል ስናገር ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ማንም አልላከውም። ጓንግ ዳር የቀሰቀሰኝን ሰው ነው እንዲህ ያልሁት።

ብዙ ዓመታት ሰማዩ ጥርት ብሎልኝ ኖረ። አስተማርሁ፣ ማኅሌት ቆምሁ፣ ሰው አስታረቅሁ፤ አዎን፣ ሰው አስታረቅሁ! በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. አባቶቻችን በዚሁ በዋሽንግተን ታርቀው፣ ሩብ ምዕት ዓመት የቆየው የሲኖዶስ መለያየት በቸርነቱ በተፈጸመ ጊዜ ካለቀሱት አንዱ ነበርሁ። የጠባችን ምክንያት ያን ዕለት ተሻረ፤ ጠባችን ግን አልተሻረም። ይህን ያየሁ ጊዜ ያ ክርክር ምክንያት እንጂ ሥር እንዳልነበረ ማወቅ ይገባኝ ነበር። በቅዳሴም ዲያቆኑ እርስ በርሳችን በሰላም እጅ እንድንነሣሣ ሲያዝ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በደስታ ጎንበስ እል ነበር። የተጣላሁት ሰው በወንዙ ማዶ ነበርና ከማልጣላቸው ጋር ሰላም ስባባል ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ወንድምህ በአጠገብህ ቆሞ እንደ ሆነ ብቻ አይደለም። «ሂድ» ማለቱ መንገድ እንዳለው ያሳያል። የእኛ መንገድ የውድሮ ዊልሰን ድልድይ ነው፤ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው።

የወጣቱን ቃል ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። እኛ ወደ ንስሓ አባታችን ስንቀርብ ብዙ ጊዜ የዛሬውን ሰማይ እንነግራቸዋለን፤ ጾም ፈታሁ፣ ሰው አማሁ፣ ተቈጣሁ እንላለን። በላይኛው ደጋ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የዘነበውን አንናገርም። ያ ውሃ ግን አልደረቀም፤ በመንገድ ላይ ነው። በቤታችንም ምክንያቱ የማይታወቅ ቍጣ ድንገት ሲፈነዳ፣ ልጆቻችን «ዛሬ ምን ዘነበ?» ብለው ይደነግጣሉ። ዛሬ የዘነበ ነገር የለም።

ነገር ግን ያው ቅዱስ መጽሐፍ ዝናብ ሳይታይ የሞላ ሌላ ሸለቆ ያሳየናል። በሁለተኛው የነገሥት መጽሐፍ፣ በግእዙ አቈጣጠር በአራተኛው፣ በምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፣ የእስራኤል፣ የይሁዳና የኤዶም ነገሥታት ሞዓብን ሊወጉ በኤዶም ምድረ በዳ ሰባት ቀን ዞረው ውሃ አጡ። ኤልሳዕ የእስራኤልን ንጉሥ ኢዮራምን በቍጣ ቃል ከተናገረው በኋላ በገና የሚመታ ሰው አስጠራ። (የነቢይ ቍጣ እንኳ በገና ካስፈለገው፣ የእኛ ስብሰባዎች በቃለ ጉባኤ ብቻ መጀመራቸው ሳይጎዳን አልቀረም።) ከዚያም በደረቁ ሸለቆ ጉድጓድ እንዲቈፍሩ፣ ነፋስም ዝናብም ሳያዩ ሸለቆው እንደሚሞላ ነገራቸው። ቈፈሩም። ውሃ በሌለበት፣ ደመና በማይታይበት፣ የተጠማ ሠራዊት ጉድጓድ ቈፈረ። በነጋም ጊዜ በመሥዋዕት ሰዓት ውሃው በኤዶም መንገድ መጣ። እንግዲህ ያው ደራሽ ውሃ ነው፤ ያው ከሩቅ የዘነበ ዝናብ ነው። ጉድጓድ ላዘጋጀው ግን ሕይወት ሆነ።

ብዙ ጊዜ የማናነብበው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሞዓባውያን በማለዳ ፀሐይ በውሃው ላይ ስትወጣ ቀልቶ አዩትና ደም መሰላቸው፤ ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው ተላልቀዋል፣ እንግዲህ ወደ ምርኮው ብለው ሮጡ። የተሳሳቱት ያ ስላልሆነ ነው። እኔና ወንድሜን ቢያዩ ኖሮ ግን አይሳሳቱም ነበር። በስደት የምንኖር ሕዝብ የአያቶቻችን ጸሎት በማናየው ሰማይ ዘንቦ፣ ከሩቅ መጥቶ እዚህ አጠጣን። መቅደስ ሠራን፣ ታቦት አስገባን፣ ልጆች አስጠመቅን። በዚያው ውሃ ዳር ቆመን አንድ ቀን እንኳ የሞዓብን ግምት እውነት አድርገን ማሳየት ምን ያህል ድፍረት ነው!

ወደ ሸለቆው ልመልሳችሁ። የመጨረሻው ወረድ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ደብረ ዳሞን በሚያህል ከፍታ። በ1987 ዓ.ም. ለመሳለም አገር ቤት ገብቼ የአቡነ አረጋዊን ገዳም በገመድ ወጥቻለሁ። እዚያ አንዱን ገመድ ይዘው ሲወጡ፣ ሁለተኛውን በወገብ ታጥቀው አንድ መነኵሴ ከላይ ይስባል፤ እስኪደርሱ ድረስ ፊቱን አያዩትም። እዚህ ሥርዐቱ የተገለበጠ ነው። አስቀድሞ የወረደው ከታች ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። ከላይ ያለው ቢያመልጠው፣ የታችኛው ጠበቅ አድርጎ ሲስበው ገመዱ ይቆማል። ወጣቱ እኛን ሊያስር ከላይ ቀረ። አስቀድሞ የወረደው ያ ወንድሜ ነበር።

ከዳር ቆምሁ። ለመውረድ ወደ ኋላ መጋደም ያስፈልጋል፤ ጀርባን ለባዶ አየር፣ ክብደትንም ሁሉ ለገመዱ መስጠት ነው። ዓይን ወደ ገደሉ አያይም። በካርዴሮክ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እግሬ አልታዘዘኝም። ገደሉን ፈርቼ አልነበረም። ከታች ገመዱን የያዘው ማን መሆኑን ስለማውቅ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ በእጁ ገብቼ አላውቅም። ወጣቱ «የኔታ፣ ገመዱን ይመኑት» ይለኛል። ገመዱንማ ማን ተጠራጠረው!

ይህን ጊዜ ድምፅ ከታች ከጨለማው ወጣ። «አንተ! ክረምት እስኪገባ ልትቆም ነው? የውሃ መኝታ ላይ ነህ፤ ና ውረድ!»

«አንተ» አለኝ። ወደ ኋላ ተጋደምሁ።

ከታች ስደርስ እንባዬ ከላቤ ጋር ተቀላቅሎ እግሩ ሥር ልወድቅ ጎንበስ ስል፣ ትከሻዬን ይዞ «ገመዱን ፍታ፤ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ። በዚያች ሌሊት በድንኳናችን ፊት፣ ሁለቱ በተቀመጡበት፣ ያን ቃል ስሙን ጠርቼ ሐሰት ነበር አልሁ። እርሱም ይቅርታውን ሰጠኝ። ዕዳዬ ግን በዚያ አላለቀም። ቃሉ የተነገረው በሁለት ሰዎች ፊት አልነበረም፤ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ በዚያ አዳራሽ ነበራችሁ፤ አጨብጭባችሁም ነበር። በጉባኤ የተናገርሁትን በበረሃ ብቻ ልመልሰው ስለማይቻለኝ ይህን በምታነቡት ገጽ ላይ አወጣሁት። ማንም አልላከውም ነበር። እርሱ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ የሚያውቁት ያውቁታል።

ባለፈው ሰንበት ድልድዩን ተሻግሬ በአሌክሳንድርያ አስቀደስሁ። ዲያቆኑ እርስ በርሳችን እጅ እንድንነሣሣ ባዘዘ ጊዜ ወደ ግራዬ ዞርሁ። ነጠላውን አጣፍቶ እዚያ ቆሞ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።